«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

መርከብ ከሩቅ ሲታይ ግርማው በመድፉና በሰንደቁ ይመስላል። ዕድሜው የሚለካው ግን በሆዱ ባለው የመለዋወጫ መጋዘን ነው። አንዲት ቫልቭ ወይም አንዲት የፒስተን ቀለበት በጊዜዋ ካልተተካች ግርማው ሁሉ ከወደብ ታስሮ ይቀራል። ለዚህም «ኢትዮጵያ» ተብላ የተጠራችው መርከብ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

መርከቢቱ አስቀድማ ኦርካ ትባል ነበር። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ውኃ ወረደች፤ በ1944 አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ሲሆን የምትንቀሳቀሰው በዲዝል ሞተር ነበር። የተሠራችው በዋናነት ሌሎችን ለማገልገል ነው፤ ይኸውም በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይትና መለዋወጫ ለማቅረብ፣ የተበላሹትን ለመጠገን፣ ለሠራተኞቻቸውም ማደሪያ ለመሆን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ውኃዎች፣ በሌይቴና በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤዎች፣ ይህንኑ ተግባር ፈጽማለች።

በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተላለፈች። የአገሪቱን ስም ተሸክማ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የማሠልጠኛ መርከብ ሆነች። ለሌሎች መለዋወጫ ስታድል የኖረችው መርከብ ከዚህ በኋላ የራሷን መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ጠባቂ ሆነች ማለት ነው።

የሚጠበቀው ዕቃ የሚመጣው ወዳጅነት እስካለ ድረስ ነው። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ ግንኙነት ሲሻክር ወታደራዊ ርዳታው ቆመ። በምትኩ የሶቪየት የጦር መርከቦች መጡ። ሆኖም አንዱ አገር ለራሱ ሞተር የሠራው ክፍል ለሌላው ሞተር አይገጥምም። የፖለቲካ አሰላለፍ በአንድ ዓመት ሊለወጥ ይችላል፤ የሞተር ልክ ግን አብሮ አይለወጥም።

መርከቢቱ ብቸኛ ልጅ አልነበረችም። በዚያው ንድፍ 35 መርከቦች ተሠርተዋል። ኖርዌይ አንዷን ወስዳ፣ ሃኮን ሰባተኛ ብላ ሰይማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1974 እንደዚሁ ለማሠልጠኛ ተጠቅማባታለች። ፊሊፒንስ ደግሞ ከደቡብ ቬትናም የሸሹትን እኅት መርከቦች ስትረከብ፣ በ1976 ሁለቱን የተቀበለችው ለጉዞ አልነበረም፤ ተፈታተው ለሌሎቹ መለዋወጫ እንዲሆኑ ነበር። ምጽዋ ላይ የቆመችው ግን አካሏን የምታካፍላት እኅት በአጠገቧ አልነበረቻትም።

ያም ሆኖ እስከ 1983 ዓ.ም. በባሕር ኃይሉ ውስጥ ቆየች። በግንቦት ወር መንግሥቱ ሲወድቅ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። እዚያው ታስራ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ተረቱ በዚህች መርከብ ላይ በግማሹ ብቻ እውነት ነው። መርከበኞች ሙያ ተምረውባታል፤ በሰው አገር የተሠራ ዕቃ የቀሰሙትን ሙያ አያረክስባቸውም። ነገር ግን የአገር ስም በመርከብ ጎን ላይ ለመጻፍ ቀለምና ብሩሽ በቂ ሲሆን፣ ያንን ስም በባሕር ላይ ለማቆየት የፒስተን ቀለበት የሚያወጣ የእጅ ባለሙያ፣ እርሱንም የሚያሠለጥን መምህር፣ ለሁለቱም የሥራ ቤት ያስፈልጋል። መርከብ ከሰጪ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ግን በቤት ውስጥ ካልተሠራ ከየትም አይመጣም።