ሃያ ዓመት በአንድ መስመር

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለኖረ ሐበሻ የፓርኪንግ ሥራ እንግዳ አይደለም። ብዙዎች «ለጊዜው» ብለው ገብተው ልጅ ያስተማሩበት፣ ቤት የገዙበት ሥራ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ዓመት የቆየም ጥቂት አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ኩባንያው ሲሸጥ ወይም ካሸሩን በማሽን ሲተካ ነው። ያን ጊዜ በየሄዱበት «ሬዙሜ ላክ» ይባላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሰፈር ሰው ፎርም መሙላት የኔ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤት ያመጡልኝ ሬዙሜ ላይ ፎቷቸው ተለጥፏል፤ የትውልድ ዘመን፣ ባለትዳርነት፣ ሃይማኖት ሳይቀር ተጽፏል። ከሥሩ «የፓርኪንግ ካሸር፣ ከ1999 እስከ 2021» ይላል። አለቀ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት የሠሩት ይኸው ነው?»

«ሌላማ ምን አለ? ገንዘብ መቀበል ነዋ!»

ሲጠየቁ ግን ብዙ ወጣ። ከገቡ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የማታ ፈረቃ ኃላፊ ሆነዋል። አራት መቶ መኪና የሚይዘውን ጋራዥ ሒሳብ በየሌሊቱ የሚዘጉት እሳቸው ነበሩ። አዲስ ሠራተኛ የሚያሠለጥኑትም፣ ማሽኑ ካርድ ውጦ ደንበኛ ሲጮህ የሚያበርዱትም እሳቸው። ከኮሜርስ የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አላቸው፤ «ያረጀ ነው» ብለው ትተውታል! ዓመታቱን ያገኘነው በፌስታል ካጠራቀሙት የየዓመቱ የደመወዝና የግብር ወረቀት (ደብልዩ ቱ) ነው። እዚያ ላይ የአሠሪው ስም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ጋሼ ግን ከዚያው ጋራዥ ንቅንቅ አላሉም።

እንዲህ የሚሆነው ከስንፍና አይመስለኝም። ሀገር ቤት ስለ ሠራተኛው የሚመሰክረው አሠሪው ነው። ሥራ ሲለቀቅ የሥራ ልምድ ማስረጃ ተጽፎ ማኅተም ይመታበታል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ይህን በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጎታል። በራስ አፍ ራስን ማመስገን ደግሞ ነውር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ኩባንያዎች ክስ ስለሚፈሩ፣ ስለቀድሞ ሠራተኛ ሲጠየቁ የሥራ መደቡንና የገባበትንና የወጣበትን ቀን ብቻ ተናግረው ዝም ይላሉ። ቀሪውን ባለቤቱ ካልተናገረ የሚናገርለት የለም።

ስለዚህ የኩባንያውን ስም አንድ ጊዜ ከላይ አድርገን፣ የቀድሞ ስሞቹን አጠገቡ ጠቅሰን፣ ከሥሩ እያንዳንዱን የሥራ መደብ ከነዓመቱ ለያይተን ጻፍን፤ የቅርቡ ቀደመ። ለፈረቃ ኃላፊነቱ ሰፊ ቦታ ሰጠነው፤ የመኪናው ብዛት፣ የሠልጣኙ ቁጥር፣ የሒሳቡ ነገር ገባ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ መስመር ታለፉ። ዲፕሎማው ተመለሰ፤ ዓመቱ ግን ቀረ።

ፎቶው፣ ዕድሜው፣ ትዳሩና ሃይማኖቱ ወጡ። አሜሪካ ውስጥ 40 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ ከዕድሜ መድልዎ የሚከላከል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ አለ። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜን በገዛ እጅ አሳልፎ መስጠት አይታየኝም።

ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ኮምፒዩተር ስለሆነ ሠንጠረዥና ጌጥ አላበዛንም። የሥራ ማስታወቂያው የተጠቀመበትን ቃል፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ እኛም ተጠቀምንበት። አንድ የጋሼ ዘመድ «ማናጀር ብላችሁ ጻፉ፣ ማን ያጣራል?» ብሎ ነበር። ኩባንያው ሲጠየቅ የሚያረጋግጠው እኮ ያንኑ የሥራ መደብ ነው! ጋሼም «ያልሆንኩትን አልሆንም» ብለው ዘጉት።

አሁንም በአንድ መሥሪያ ቤት ረጅም ዓመት ያስቆጠራችሁ፣ የሠራችሁትን ሥራ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ዛሬውኑ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፤ የሚመሰክርላችሁን አለቃ የግል ስልክም ያዙ። ከሥራ የተሰናበቱ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይዘጋል።