ከጪጩ እስከ ይርጋጨፌ፦ በእንሰት ጥላ ሥር የቆሙ ድንጋዮች

ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አስፋልት ዲላን አልፎ ወደ ጪጩ ሲዘልቅ ግራና ቀኙ በአረንጓዴ ይዘጋል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ጫካ ይመስለዋል። ማሳ ነው። ከቅጠሉ ጀርባ ቤት አለ፣ ከብት የታሰረበት ደጅ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ። ጌዴኦ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ከመንገድ ላይ ለሚያይ ዓይን ጎልቶ የሚታየው ዛፉ ነው። ይህን አገር አይቻለሁ ለማለት ከመኪና መውረድ ግድ ነው፤ ጪጩ ደግሞ ለመውረድ ጥሩ ቦታ ናት።

ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ቀና ማለት ነው። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላቸውን ዘርግተዋል። ከእነሱ ሥር የእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠል፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ጎደሬውና ጎመኑ ይከተላሉ። ብርብራው ቅጠሉን እያረገፈ መሬቱን ያዳብራል፤ እንሰቱ እርጥበት ይይዛል፤ ቡናው በጥላው ቀስ ብሎ ይበስላል። ተዳፋቱ እግር የሚያንሸራትት ነው፤ ዛፉ ቢነሳ አፈሩ በአንድ ክረምት ዝናብ ቁልቁል ይሄድ ነበር። በጓሮ በኩል ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፈው በስንጥቅ ቀርከሃ ይፍቃሉ፤ ቃጫው ለብቻ ይቀራል፣ የተፋቀው በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ነጩ ቡላ ከዚያው ይወጣል። ሥራው ጉልበት ይፈልጋል፤ ጎብኚዎች ፎቶ አንስተው ከሚያልፉ ቁጭ ብለው ቢያዩት ይሻላል እላለሁ።

ታደሰ ኪጴ የተባሉት የአካባቢው ምሁር በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ይህን የመሬት አያያዝ ከአምስት ሺህ ዓመት ዕድሜ ጋር አያይዘው መርምረውታል። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በበኩሉ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባካሄደው 45ኛ ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ጉባኤ ነው የተመዘገበው። ልብ ሊባል የሚገባው የተመዘገበው ምን እንደሆነ ነው። ድንጋዩ ብቻውን አልተመዘገበም። ጥምር ግብርናው፣ የተከበሩት ደኖችና ድንጋዮቹ አንድ ላይ ናቸው። በተከበረ ደን ውስጥ ዛፍ አይቆረጥም፤ ይህን ያስጠበቀው ባሌ የተባለው የጌዴኦ ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት፣ የአባ ገዳውና የሽማግሌዎቹ ቃል ነው። ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሶንጎ ዛሬም ጉዳይ ይታይበታል፣ እርቅ ይወርድበታል። ሶንጎ ላይ የደረሰ እንግዳ ሰላምታ ሰጥቶ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ የሚነግረው አያጣም።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለ ትክል ድንጋይ ሲነሳ ትዝ የሚለው ጢያ ነው። በ1980 (እ.ኤ.አ.) የተመዘገበው የጢያ ስፍራ 36 ሐውልቶች አሉት። በጌዴኦ ግን ተመራማሪዎች ከ50 በሚበልጡ ስፍራዎች 10,000 ያህል ወይም ከዚያ በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገምታሉ፤ በአፍሪካ ይህን ያህል ተጠጋግተው የሚገኙበት ሌላ ቦታ የለም። ከስፍራዎቹ አንዱ በሆነው ጨልባ ቱቲቲ ላይ ብቻ ከሺህ በላይ ናቸው። አንዳንዶቹ ቁመታቸው ከስድስት ሜትር ያልፋል። ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ በሳርና በእንሰት መካከል በጎናቸው ተኝተዋል። የተኛውን ድንጋይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ለክቶ ያየ ሰው፣ ያለ ማሽን ይህን አንስቶ ተዳፋት ላይ ማቆም ምን ያህል ክንድና ምን ያህል መስማማት እንደጠየቀ ይገባዋል።

ቱቶ ፈላ የተባለው ስፍራ ሌላ ዓይነት ነው። እዚህ ድንጋዮቹ አጠር ያሉ ሆነው በአንድ የድንጋይ ክምር ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ቁጥራቸው 300 ገደማ ነው። ጎንበስ ብሎ በቅርብ ላየው ዓይን፣ አፍንጫና እጅ ይወጣል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስፍራውን የቆፈረው ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ከሥር መቃብር እንዳለ አሳይቷል። ክብ ሆነው የተጠረቡት ድንጋዮች ቀድመው የቆሙ ሲሆኑ፣ ኋላ የመጡት ሰዎች ከእነሱ አንዳንዶቹን እንደገና ጠርበው የሰው መልክ ሰጥተዋቸዋል። አንድ ድንጋይ ላይ የሁለት ዘመን መሮ ማየት ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው። ዡሶም ግን የመጀመሪያው አልነበረም፤ የካፑቺን መነኩሴው አባ አዛይስና ሮዤ ሻምባር በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደቡብን ዞረው የመዘገቡት በ1931 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ታትሟል።

ዕድሜያቸውን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ ሲባል የቆየው ሺህ ዓመት ገደማ ነበር። አሸናፊ ዜና እና የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ስፍራ ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ወሰደው። ከዚያው የተገኘው የባልጩት ስባሪ አብዛኛው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰሜን ኬንያ የመጣ መሆኑም ታውቋል። አክሱም ገና በሚያብብበት ዘመን እዚህ ተራራ ላይ ድንጋይ የሚያቆም፣ ከሩቅ አገር የሚገበያይ ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ይህ በትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በደቡብ ፈረንሳይ ሩዌርግ በተባለው አገር ከእርሻ መካከል የተገኙ፣ ፊትና እጅ የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች አሉ። ከጌዴኦዎቹ ድንጋዮች ጋር ዝምድና የላቸውም፤ የእነሱ ዕድሜ እጅግ ይበልጣል። ከእነሱ ብዙዎቹ ተነስተው ሮዴዝ ከተማ ፌናይ ሙዚየም ውስጥ በመብራት ይታያሉ። ጎብኚው ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ በአንድ ጠዋት ሁሉንም ያያል። የጌዴኦው ድንጋይ ግን ዛሬም የቆመው ገበሬው ቡና በሚለቅምበት ማሳ ነው። እንደዚያው ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ግን ጠባቂው ገበሬ ከጎብኚው ገንዘብ ድርሻው ሊደርሰው ይገባል። በራሱ መሬት ላይ ቅርስ ይዞ የሚኖር ሰው ማሳውን በእንግዳ እያስረገጠ ባዶ እጁን መቅረት የለበትም።

ወናጎን አልፎ ይርጋጨፌ ሲደረስ ወሬው ሁሉ ቡና ነው። በለቀማው ወቅት እሸት ቡና የጫነው መኪና ወደ ማጠቢያው ይሰለፋል፤ የታጠበው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሠራተኞች ጉድለት ያለበትን ፍሬ በእጅ እየለዩ ያወጣሉ። የይርጋጨፌን ስም ኢትዮጵያ በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ያደረገችው ክርክር በ2007 (እ.ኤ.አ.) በስምምነት አልቋል። ቡናው ግን የደስታ ታሪክ ብቻ የለውም፤ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባላባት ሥርዓት ላይ ሚጪሌ ላይ ተነስተው ብዙዎች አልቀዋል። አካባቢውን የሚያስጎበኝ ሰው ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም።

ወደ ዲላ ለሚመለስ ሰው የሸፔ ገደል ቀርቶታል። ወንዙ በሸረሸረው ዓለት ላይ ወደ 50 የሚጠጉ ላሞች በአንድ አቅጣጫ ተከታትለው ተቀርጸዋል፤ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ስለእነሱ ጽፏል። ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ቀንዳቸው ረጅም ነው፤ ግታቸው ተለይቶ ወጥቷል። የጠረበው ሰው ወተት የሚያስብ ሰው ነበር። ወደ ገደሉ መውረጃው በዝናብ ስለሚያንሸራትት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ያኔ የቡናው ለቀማ ይደረስበታል፤ ቆየት ብሎ ለሚመጣም የጌዴኦዎች የምስጋና በዓል ደራሮ አለ።