ስለ መኪና ቴፕ አመራረጥ

ከባለቤቴ ጋራ ጤፍ ልንሸምት ወደ እህል በረንዳ በሄድን ጊዜ፥ እርስዋ በጆንያው አፍ በሚታየው ነጭ ጤፍ ሳትታለል እጅዋን እስከ ክንድዋ አስገብታ ከውስጡ ዘግና አየች። እኔ ግን ያለ ምስክር ቃል እንደማይጸና የማውቅ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ሆኜ ሳለሁ፥ ከዚያው ከመርካቶ የመኪና ቴፕ ስገዛ በካርቶኑ የተጻፈውን «4 በ50 ዋት» ብቻ አምኜ ከፍዬ ነበር። ይህ ቍጥር ለቅጽበት የሚደረስበት እንጂ ዘወትር የሚገኝ ኃይል አይደለም። ስለዚህ ሟች እናቴ ስትመርቀን የቀዳሁትን በፍላሽ ከፍቼ ድምፁን ከፍ ባደረግሁት ጊዜ፥ ቃልዋ በጕርምርምታ ተዋጠ። ልጄም «አባባ፥ አያቴ ምን አለች?» ቢለኝ አፈርሁ።

ሁለተኛውን ስመርጥ፥ «አር ኤም ኤስ» ተብሎ የሚጻፈውን፥ ብዙ ጊዜ 20 ዋት ያህል የሚሆነውን፥ እውነተኛ ኃይል ተመለከትሁ። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክል ኢኳላይዘርና ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ እንዳለውም መረመርሁ። የሱቅ ድምፅ ማጉያ ሌላ፥ የመኪናዬም ሌላ ነውና፥ ከራሴ መኪና አስገጥሜ ያንኑ ምርቃት ዝቅም ከፍም አድርጌ ሰማሁ።

ልጄም «አሜን» አለ። እንግዲህ ጤፍን በእጅ፥ ቴፕን በጆሮ መርምራችሁ ግዙ።