የመተግበሪያ ታማኝነት

ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረና ባንኮቻችንም የየራሳቸውን የሞባይል መተግበሪያ ካቀረቡ ወዲህ፣ ሕዝባችን ጥሪቱን ለአንድ ትንሽ ስልክ አደራ መስጠትን እየለመደ ሲሄድ፣ የባለሙያዎቻችን ድካም ግን በአብዛኛው ለመልክ ውበትና ለአገልግሎት ብዛት ሲውል እመለከታለሁ፤ ከሁሉ መቅደም የሚገባው ግን ተጠቃሚው በጭንቅ ሰዓት የሚያገኘው እውነተኛ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዲት እናት በክፍለ ሀገር ለታመመ ወንድማቸው ገንዘብ ሊልኩ ቁልፉን በተጫኑበት ቅጽበት ኔትወርኩ ቢቋረጥና በገጹ ላይ «ስህተት ተፈጥሯል» ከሚል ደረቅ ቃል በቀር ሌላ ባይወጣ፣ ዳግመኛ እንዳይልኩ ሁለት ጊዜ ይቆረጥብኛል ብለው ይሰጋሉ፣ እንዳይተዉት የወንድማቸው ሕክምና ይዘገያል። ለዚህ መከራ መፍትሔው በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ልዩ ቁጥር ሰጥቶ ቢልክና ኔትወርኩ ሲመለስም በዚያው ቁጥር እንጂ በአዲስ ቁጥር ባይጠይቅ፣ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ዳግመኛ ሲያይ ቀድሞ የፈጸመውን ውጤት ይነግራል እንጂ ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ አይቆርጥም። ከዚህ በኋላ የሚቀረው እውነቱን በጨዋ አማርኛ መጻፍ ነው፦ «ክፍያው መድረሱን ገና አላረጋገጥንም፤ በማጣራት ላይ ነን፤ እንደገና ቢሞክሩም ሁለት ጊዜ አይቆረጥብዎትም»። ያላረጋገጠውን አላረጋገጥኩም የሚል መተግበሪያ፣ በእኔ ግምት፣ ዐሥር አዳዲስ አገልግሎት ከጨመረው ይበልጣል።

ሌላም አለ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነውን ቀጠሮ 9 ሰዓት ብሎ መጻፍ፣ የስልኩን ጠባብ ማከማቻና የዳታውን ዋጋ ሳያስቡ በየጊዜው ከባድ አዲስ ቨርዥን አውርዱ ማለት፣ ተጠቃሚውን እንደ ባዕድ መቍጠር ነው።

የፈቃድንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በአንድሮይድ ስልኮች እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ ሰው መተግበሪያውን ሲጭን የተጠየቀውን ፈቃድ ሁሉ በአንድነት ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ በዚያ ዓመት የወጣው አንድሮይድ 6 ግን ፈቃዱ አንድ በአንድ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜ እንዲጠየቅ ሥርዓት አበጀ። ይህ ሥርዓት ተሠርቶ ሳለ ገና ሲከፈት፣ ምክንያቱንም ሳይናገር፣ የወዳጅ ዘመድን ስልክ ቁጥር ሁሉ ልይ የሚል መተግበሪያ ዛሬም አይታጣም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ዳሩ ግን ሕሊና ያለው ባለሙያ አዋጅ እስኪያስገድደው ሊጠብቅ አይገባውም።

ለተጠቃሚ ቅሬታ መልስ መስጠትም የታማኝነት ክፍል ነው። አፕል የመተግበሪያ መደብሩን በ2008 እ.ኤ.አ. ቢከፍትም፣ ሠሪዎች ለተጠቃሚ አስተያየት በይፋ እንዲመልሱ የፈቀደው በ2017 ነው። ያ በር ዛሬ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ገንዘቤ ጠፋ ብሎ የጻፈ ሰው ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ ወራት ሙሉ ያለ መልስ ሲቀር ማየት ልብ ያሳዝናል፤ ከዚህ የሚብሰውም ለሁሉም አንድ ዓይነት የተቀዳ ምስጋና መለጠፍ ነው።

እናንት ወጣት ባለሙያዎች ሆይ፣ የሚቀጥለውን ቨርዥን ከማውጣታችሁ በፊት ኔትወርኩን በክፍያ መካከል ሆን ብላችሁ አቋርጡና በገጹ ላይ የሚወጣውን ቃል ከሙያችሁ ውጭ ላለ ሰው አስነብቡ፤ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ ሊነግራችሁ ካልቻለ፣ እባካችሁ አታውጡት።