እውነቱን ያስጻፉኝ ደላላ

«ደላላ» የሚለው ስም በአገራችን እምብዛም ክብር የለውም። ቤት ሲሸጥ፥ ሠራተኛ ሲቀጠር፥ በመካከል ገብቶ ከሁለቱም ወገን ይበላል እየተባለ ይታማል። እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በኖርሁበት ዘመን ከደላላ የተነሣ ክርክር ብዙ ስለ ጻፍሁ ከዚህ ሐሜት ነጻ አልነበርሁም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለቤቴና ለአውቶሞቢሌ መድን ለመግባት በተነሣሁ ጊዜ ያገኘኋቸው አንዲት የኢንሹራንስ ደላላ አሳቤን ለወጡት፤ ለቤተ ሰብም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነገሩን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። ለአሮጌዋ አውቶሞቢሌ የገባሁላት መድን ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነበረ። በክረምት አንድ ቀን መንገዱ አንሸራቶኝ ከፊቴ የቆመውን ተሽከርካሪ ገጨሁ። የሰውዬውን ጉዳት ኩባንያው ከፈለ፤ የእኔዋ ግን መብራትዋ እንደ ተሰበረ በደጃፌ ሦስት ወር ቆመች። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 799 በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የታሰበ እንጂ የባለመኪናውን መኪና ለመጠገን አለመሆኑን፥ የሕግ ወረቀት ስገለብጥ የምውል ሰው ሳለሁ፥ ያን ጊዜ ገና ልብ አልሁ። ባለቤቴም «የሰውን ውል ስትጽፍ ትውላለህ፤ የራስህን ግን ሳታነብ ትፈርማለህ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ በኋላ አንድ ባልንጀራዬ ወደ እኒያ ወይዘሮ መራኝ። አስቀድመው ልዩነቱን አስረዱኝ። የኢንሹራንስ ወኪል የሚባለው ለኩባንያው ቆሞ የኩባንያውን ውል የሚሸጥ ነው፤ ደላላ ግን መድን ለሚገባው ሰው ቆሞ ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች ዋጋውንና የውሉን ቃል እያሰባሰበ የሚያመዛዝን ነው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ እርሳቸውም ሳልጠይቃቸው ፈቃዳቸውን አሳዩኝ። «ድካምዎን የሚከፍል ማን ነው?» ብላቸው፥ ኮሚሽናቸውን ውሉን ከሚቀበለው ኩባንያ እንደሚያገኙ ሳይሸሽጉ ነገሩኝና «ስለዚህ እኔንም ቢሆን በጭፍን አይመኑኝ፤ ወረቀቱን ራስዎ ያንብቡ» አሉኝ።

በሳምንቱ የሦስት ኩባንያዎችን ወረቀት በፊቴ ዘረጉ። ዐይኔ ወደ አነስተኛው አረቦን ሮጠ። እርሳቸው ግን ጣታቸውን ከታች በደቃቅ ፊደል በተጻፈው ላይ አኖሩ፤ በርካሹ ውል፥ አደጋ በደረሰ ቍጥር አስቀድሜ ከኪሴ የምችለው ድርሻ ከሌሎቹ የበዛ ነበረ። ለቤቱም ዋጋ ዝቅ አድርጌ መናገሬን አይተው ሒሳብ አስያዙኝ። መልሶ ለመሥራት 2 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ1 ሚሊዮን ብር ብቻ መድን ቢገባና እሳት የ400 ሺህ ብር ጉዳት ቢያደርስ፥ የሚከፈለው 200 ሺህ ብር ነው፤ ግማሹን መድን ያልገባ ሰው ከጉዳቱም ግማሹን ራሱ ይችላልና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት ሒሳብ ይህን ያህል ጠቅሞኝ አያውቅም።

ዋናው ፈተና ግን ከዚህ በኋላ መጣ። ባልዋ የሞተባት ታናሽ እኅቴ ከሁለት ልጆችዋ ጋራ በጓሮ ባለው ክፍል ትኖራለች፤ በዚያም በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ወይዘሮዋ «በግቢው የንግድ ሥራ ይሠራልን?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ፥ አረቦኑ እንዳይጨምርብኝ ፈርቼ «የለም» አልሁ። ቤቱን ሊያዩ በመጡ ቀን ግን የእንጀራው ሽታ እስከ በር ድረስ ተቀበላቸው። ብዕራቸውን ከደኑና «ይህን ሐሰት እኔ አልጽፍም» አሉኝ። «ዛሬ ጥቂት ብር ያተርፉ ይሆናል፤ እሳት በተነሣ ቀን ግን መርማሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ክፍሉ ምን ይሠራበት እንደ ነበረ ነው። ያን ጊዜ ውሉ ይፈርሳል፤ ልጆቹም በሜዳ ይቀራሉ።»

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲያስታውቅ እንደሚያስገድደው፥ ዐውቆ የሸሸገ እንደ ሆነም ውሉ ፈራሽ እንደሚሆንበት ዐውቃለሁ። የምስክሮችን መሐላ በየዕለቱ የምጽፍ ሰው በራሴ ግቢ ሐሰት ለማስጻፍ መድፈሬ እጅግ አሳፈረኝ።

እኅቴም ይህን ሁሉ ከማድ ቤት ሆና ሰምታ ኖሮ «ወንድም ጋሼ፥ ለእኔ ሲባል ወጪ አይብዛባችሁ፤ መጋገሩን ልተወው» አለች። የልጆችዋ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ምጣድ እንደሚወጣ ሁላችንም ስለምናውቅ ዝም አልን። ዝምታውን የሰበሩት ወይዘሮዋ ናቸው። እውነቱን ጽፈው ወደ ሦስቱም ኩባንያዎች መለሱት። አንዱ አልቀበልም አለ፤ ሁለተኛው አረቦኑን እጅግ አበዛው፤ ሦስተኛው ግን የኤሌክትሪኩ መስመር በባለሙያ እንዲታደስና የእሳት ማጥፊያ እንዲሰቀል አዝዞ፥ በመጠነኛ ጭማሪ ተቀበለን። ለአውቶሞቢሌም የራስዋን ጉዳት ጭምር የሚጠግን መድን በዚያው ገባሁ። አንድ ደጅ ብቻ ጠንቼ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን እምቢታ እንደ መጨረሻ ፍርድ ቈጥሬ እኅቴን ምጣድዋን አስጥላት ነበር።

ጭማሪውን እኅቴ ከእንጀራዋ ገንዘብ ልክፈል ብላ ስለ ተሟገተችኝ እኩል ተካፈልነው። ቀዩ እሳት ማጥፊያ ከምጣዱ ክፍል በር ላይ ተሰቅሎአል። ዱቄት እንዳይነካው ብላ በነጠላ ቍራጭ ሸፍናው ነበር፤ ወይዘሮዋ አንድ ቀን ሲያልፉ ገብተው «እሳት እስኪገልጡት አይጠብቅም» ብለው ገለጡት።

እንግዲህ፥ ውድ አንባቢዎች፥ መድን ለመግባት ባሰባችሁ ጊዜ የሚያገናኛችሁ ሰው ለማን እንደ ቆመና ከማን እንደሚከፈለው ጠይቁት፤ አረቦኑንም ብቻ ሳይሆን የውሉን ቃል አመዛዝኑ። ደላላ ዋጋ ያፈላልግላችኋል፤ የቤታችሁን እውነት ግን ከእናንተ በቀር የሚነግረው የለም።