ከሰል ያቀጣጠለው ደብተር

እስቲ ዛሬ መጽሐፍ ልጠቁማችሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ኑዛዜ አለብኝ።

እህቴ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እያለች አንድ ደብተር ነበራት። ማታ ማታ እኛ ቴሌቪዥን ላይ ስናፈጥ እሷ ጓዳ ገብታ ትጽፍበታለች። ልቦለድ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ወንድ ልጅ ጓደኞቹን ለማሳቅ የማያደርገው ነገር የለም። አንድ ቅዳሜ ደብተሩን ከፍራሿ ሥር አውጥቼ ድምፄን እያቀጠንኩ ለሰፈር ልጆች አነበብኩላቸው። ምን አለፋችሁ፣ ሆዳችንን ይዘን ተንከባለልን። እሷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አላለቀሰችም። በማግስቱ የቡናው ከሰል የተቀጣጠለው በዚያ ደብተር ነው። ራሷ ናት እየቀደደች የማገደችው።

እውነቱን ለመናገር ረስቼው ነበር። ከዓመታት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ላይ የናይጄሪያዊቷን የቡቺ ኤመቼታን «ሰከንድ ክላስ ሲቲዝን» ገዛሁ። የታተመው በ1974 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አዳ የምትባል ሴት ከሌጎስ ለንደን ገብታ፣ ልጆች እያሳደገች፣ እየሠራች፣ በተረፋት ሰዓት ልቦለድ ትጽፋለች። ባሏ ያቃጥልባታል። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት። የሱ እሳት ነበር፤ የኔ ደግሞ ሳቅ።

ደራሲዋ የጻፈችው የራሷን ሕይወት ነው። የእሷም ባል የመጀመሪያ ድርሰቷን አቃጥሎባታል። እሷ ግን ተለይታው አምስት ልጆች አሳደገች፤ የተቃጠለውንም እንደገና ጽፋ በ1976 «ዘ ብራይድ ፕራይስ» ብላ አሳተመችው። ምን ዓይነት ጉልበት ነው ጎበዝ?

ያን ቀን መደርደሪያዬን ባየው አንዲት ሴት ደራሲ የለችበትም። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ሴቶች የጻፉትን ማሳደድ ያዝኩ። ሦስቱን እነሆ።

የዞራ ኒል ኸርስተን «ዜር አይስ ወር ዋቺንግ ጎድ» (1937)። ጄኒ የምትባል ሴት ሦስት ትዳር አልፋ የራሷን ድምፅ ታገኛለች። ዞራ በ1960 ፍሎሪዳ ውስጥ በድህነት ሞተች፤ መቃብሯ ላይ ስሟ እንኳ አልተጻፈም ነበር። በ1973 ደራሲዋ አሊስ ዎከር ሣር ለሣር ፈልጋ የመቃብር ድንጋይ አስቆመችላት።

የቶኒ ሞሪሰን «ዘ ብሉየስት አይ» (1970)። ሰማያዊ ዓይን ቢኖረኝ ሰው ይወደኝ ነበር ብላ የምትጸልይ ትንሽ ጥቁር ልጅ ታሪክ ነው። ሞሪሰን ይህን የመጀመሪያ ልቦለዷን የጻፈችው በአርታኢነት እየሠራች፣ ሁለት ወንዶች ልጆችም ብቻዋን እያሳደገች ነው። በ1993 ኖቤል ተሸለመች።

ሦስተኛዋ የአዲስ አበባዋ ልጅ፣ መዓዛ መንግሥቴ ናት። «ዘ ሻዶው ኪንግ» (2019) በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመቱ ሴቶችን ታሪክ ይነግረናል። ዋናዋ ሰው ሂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከአባቷ የወረሰችውን ውጅግራ ይቀሟታል። መጽሐፉ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት አንዱ ነበር። የአርበኛ ታሪክ ሲወራ ስንቅ አቀባይ ብቻ ይመስሉን የነበሩትን ሴቶች እዚህ ጠመንጃ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ።

ኤመቼታን ለእህቴ ሰጠኋት። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች።

«ልጅቷ እንደገና ጻፈችው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ያን ደብተር... ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ዝም አለች። «እኔ እኮ ከዚያ በኋላ የገበያ ዝርዝር እንኳ ሰው ፊት ጽፌ አላውቅም» አለችና ልጆቹ ጮኹባት መሰለኝ ስልኩን ዘጋችው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ደብተር ገዝቼ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ። ጻፍሽበት ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ አልጠይቃትምም። እናንተም ቤት ጓዳ ገብታ የምትጽፍ ልጅ ካለች፣ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን አቀብሏትና በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉላት።