ለሰፈራችን ሌሊት ጠባቂዎች

አዲስ አበባ ውስጥ «የሰላም ሠራዊት» የምንላቸው ከሩቅ የመጡ አይደሉም፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቀን የታክሲ ረዳት፣ የጉልት ነጋዴ፣ ጡረተኛ፤ ማታ ዱላና ባትሪ ይዘው ሰፈር ሲዞሩ ያድራሉ። በበጎ ፈቃድ ነው፤ ደመወዝ የለውም።

የሚጠብቁት ነገር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፦ የመኪና ስፖኪዮ፣ የውሃ ቆጣሪ፣ ደጅ የቆመ ባጃጅ። ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ለኪዳን የምትወጣ እናት አለች። መታጠፊያው ጋ «እማማ፣ ደህና አደሩ? ይለፉ፣ እኛ አለን» የሚላት ድምፅ ካለ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። ከሌለ ፈርታ ቤቷ ትቀራለች። እኔ ሰላም የምለው ይህንን ነው።

አዳራሽ ጠርቶ የምስክር ወረቀት መስጠት ደግ ነው፤ ይሰጣቸው፣ ይገባቸዋል። ነገር ግን ሌባ በጩቤ የወጋው በጎ ፈቃደኛ በማን ገንዘብ ነው የሚታከመው? ይህ ጥያቄ ከጭብጨባው መቅደም አለበት። ወረዳው የራሱን ድርሻ ይወጣ፤ እኛም በየብሎካችን እናዋጣ። ክረምቱ ሳይገባ የዝናብ ልብስ፣ ቦቲና የባትሪ ድንጋይ እንግዛላቸው። የዕድር ስብሰባ ያላችሁ፣ እባካችሁ አጀንዳ አስይዙት።